ግማሽ የቀረውን አሳይመንት አምጡልኝ

ልጆች፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢንጂነሪንግ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ስለ ሳምንታዊ አሳይመንት ነው። ከ100 ውስጥ 10 ነጥብ ቢይዝ ነው፣ ፋይናሉ ብቻውን 50 ይወስዳል፣ ስለዚህ ከዶርም ጓደኛ ወስዶ መገልበጥ ምንም የሚያጎድል አይመስላችሁም።

አንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። ስታቲክስ ላይ፣ ማለትም ባልተንቀሳቀሰ ነገር ላይ የሚያርፍ ኃይል በሚሰላበት ኮርስ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምሰጣት ናት። 6 ሜትር የሚረዝም ቢም (ጭነት የሚሸከም አግዳሚ) በሁለቱ ጫፎቹ ተደግፏል። ከግራው ጫፍ 2 ሜትር ላይ 12 ኪሎ ኒውተን ጭነት አለ። እያንዳንዱ ድጋፍ ስንት ይሸከማል? ግራው 8፣ ቀኙ 4 ነው መልሱ።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ ማታ ወረቀት ሳርም ግራው 4፣ ቀኙ 8 የሚል አጋጠመኝ። ቀጥሎ ያለውም ያው ነው። ቆጠርኳቸው፣ 11 ናቸው። ድምሩ 12 ስለሚመጣ ሁሉም ልክ መስሏቸው አስረክበዋል። ሁለት ሰው ጣውላ በትከሻው ይዞ ሲሄድ ሸክሙ የቀረበው ሰው ነው የሚከብደው፣ ይቺን ለአንድ ደቂቃ ያሰበ ቢኖር መልሱ ቦታ እንደተቀያየረበት ያገኘው ነበር። ግን ማንም አላሰበም፣ እጁ ብቻ ነው የሠራው።

እዚያው ክምር ውስጥ የአንድ ልጅ ወረቀት ነበር። ቢሙን በማስመሪያ ስሏል፣ 2 እና 4 ሜትሩን ለይቷል፣ ቀስቶቹን አስገብቷል፣ ሞመንቱን (ኃይሉ ሲባዛ ርቀቱን) መጻፍ ጀምሮ መሀል ላይ አቁሟል። ከሥሩ በእርሳስ «ርቀቱን ከየትኛው ጫፍ እንደምለካ ግራ ገባኝ» ብሏል። ለ11ዱ ከ5 አራት ሰጠሁ። ለእሱ 2። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ምኑን ደግሜ ማስረዳት እንዳለብኝ የነገረኝ እኮ እሱ ብቻ ነበር!

ከዚያ በኋላ አስተራረሜን ቀየርኩ። ከ10 ነጥብ 5ቱ ለሞከረ ሰው ነው፦ ሥዕሉን ሠርቶ፣ የተሰጠውን ለይቶ፣ የደረሰበት ድረስ ከሄደ ያገኛታል፣ መልሱ ቢሳሳትም። የቀረው 5 እኔ ከመረጥኳት አንዲት ጥያቄ ላይ ነው፣ እሷን መስመር በመስመር አያታለሁ። የትኛዋ እንደሆነች ቀድመው አያውቁም። የ60 ተማሪ ሁሉንም ጥያቄ በየሳምንቱ በደንብ አነባለሁ የሚል መምህር ካለ እጅ እነሳለሁ፣ እኔ ግን አንዷን አጥርቼ አርሜ በሳምንቱ መመለስ ይሻላል እላለሁ። ዝቅ ያሉትን ሁለት ውጤቶች ደግሞ አልይዝባቸውም፤ ሰው ይታመማል፣ ለቅሶ ይገጥመዋል።

አሁን ወደ እናንተ። 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ያለው ኮርስ 135 ሰዓት ሥራ ተብሎ ነው የሚታሰበው። 16 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ሰዓት ክፍል ብትቀመጡ 80 ነው። የቀረው 55 ሰዓት የእናንተ ነው። አሳይመንቱን ሐሙስ ማታ ለዓርብ ጠዋት ከነካችሁት ያ ሰዓት የለም ማለት ነው። በተሰጠበት ቀን ማታ 20 ደቂቃ ብቻ አንብቡት፣ አትፍቱት፣ የት ላይ እንደምትያዙ እወቁ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ፣ ተከራከሩም፤ ስትጽፉ ግን ወረቀታቸውን አስቀምጡና ለብቻችሁ ጻፉ። ቴሌግራም ላይ የአምናው መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ቻትጂፒቲም አለ። ራሳችሁ ከታገላችሁ በኋላ ብትጠይቁት አልቃወምም፣ ከመታገላችሁ በፊት ከሆነ ግን ያቺን የምትያዙባትን ቦታ ሳታዩዋት ነው የምታልፏት። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ ለማለፍ 50 ከመቶ ያስፈልጋል፣ ኮምፒውተሩ ፊት የምትቀመጡት ብቻችሁን ነው።

ወረቀታችሁ ካልተመለሰ ቢሮ ሄዳችሁ «ቲቸር፣ የተሳሳትኩትን ማየት ፈልጌ ነው» በሉ። ነጥብ ልትለምኑ እንዳልመጣችሁ ሲገባው ወንበር ይስብላችኋል። ያ ልጅም ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሞመንቱን ከግራው ጫፍ አብረን ወሰድን፣ 12 ሲባዛ 2፣ 24፤ ለ6 ሲካፈል 4፣ የቀኙ ድጋፍ። «እህ፣ ከየትኛውም ጫፍ ብጀምር ይመጣ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። ከቀኙ ጫፍ እዚያው ቆሞ ደገመው፣ 8 መጣለት።