የውድድር መኪና ዋሻ ጣራ ላይ ተገልብጦ መሄድ ይችላል ወይ?
በስሌት ደረጃ አዎ፣ ይችላል። የፎርሙላ 1 መኪና ከነሹፌሩ 800 ኪሎ ገደማ ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አየሩ መኪናውን ወደ መንገዱ የሚጫንበት ኃይል ክብደቱን ያክላል። ሲገለበጥ ይኸው ኃይል ወደ ጣራው ይጫነዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ግን 200 ይበቃል ብለህ እንዳትደመድም። እኔም መጀመሪያ ሳሰላው እዚችው ላይ ተሸውጃለሁ። ግፊቱና ክብደቱ እኩል ከሆኑ ጎማው ጣራውን ይነካዋል እንጂ ቆንጥጦ አይዘውም። ካልያዘ ደግሞ ሞተሩ ቢያጓራም ጎማው ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ከዚያ መውደቅ ነው። ስለዚህ ከ200 በደንብ መብለጥ አለበት።

ዘይትና ነዳጁም አለ። ሲገለበጥ ፓምፑ አየር ይስብና ሞተሩ ቀጥ ይላል። በ2025 ተገልብጣ የታየችው ማክመርትሪ ስፒርሊንግ የተባለች መኪና ግን ኤሌክትሪክ ናት። የሚይዛትም ከሥሯ አየር የሚመጥ ፋን ስለሆነ ቆማም አትወድቅም።