ሰው ያው ሰው ነው?

ጥያቄ፦ ከአባቴ ጋር ሁሌ እንከራከራለን። «ሰው ያው ሰው ነው፤ ጭካኔው አልቀነሰም» ይላሉ። እርስዎስ?

መልስ፦ አባትሽን አከብራለሁ፤ እኔ ግን ተሻሽሏል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1781 ዞንግ የተባለች ባሪያ ጫኝ የእንግሊዝ መርከብ ሠራተኞች 130 ገደማ አፍሪካውያንን ከነሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ወረወሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰው በነፍስ ግድያ አይደለም። የመርከቧ ባለቤቶች ሰዎቹን እንደ ጠፋ ዕቃ ቆጥረው «የመድን ካሳ ይከፈለን» ብለው ነው የከሰሱት! ብሪታንያ በ1833 ባርነትን የሚሽር ሕግ ስታወጣም 20 ሚሊዮን ፓውንድ የመደበችው ለጌቶቹ ነው። ለባሪያዎቹ ሰባራ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ባርነት ዛሬም በስውር አለ፤ እዚህ ላይ አባትሽ እውነት አላቸው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ የዛሬው ፈጻሚ ከሕግ ይደበቃል እንጂ ፊት ለፊት ቆሞ ካሳ አይጠይቅም።