ላፕቶፑ ያጫውተዋል፣ ቲቪው እምቢ ይላል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። ቪዲዮው ኮምፒውተር ላይ በደንብ ይታያል። በፍላሽ ተጭኖ ቲቪው ወይም ሪሲቨሩ ላይ ሲሰካ ግን ወይ ድምፅ የለውም፣ ወይ ምስል የለውም፣ ወይ ጭራሽ አይከፈትም። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉውን ለዚህ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የእህቴን ሰርግ የቀረጸው ልጅ ቪዲዮውን በፍላሽ ሰጠን። የኤምኬቪ ፋይል ነው። ላፕቶፔ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሳሎን ያለው ቲቪ ላይ ግን ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ጥቁር ነው። የፋይሉን ስም መጨረሻ ኤምፒ4 ብዬ ቀየርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። እናቴ መቼ ነው የምናየው እያለች ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ስሙን ወደነበረበት መልሰው። ኤምኬቪ፣ ኤምፒ4፣ ኤቪአይ የሚባሉት የመያዣው ስም ናቸው። ጆንያ ላይ «ጤፍ» ብለህ ስለጻፍክ ውስጡ ያለው ስንዴ ጤፍ አይሆንም። ቲቪውን የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ መያዣው ሳይሆን ምስሉና ድምፁ የታመቁበት ዘዴ ነው፤ ኮዴክ የሚባለው። ምስሉ የራሱ ኮዴክ አለው፣ ድምፁም የራሱ። ያንተ ቲቪ ፋይሉን ከፍቶ ድምፁን አሰምቶሃል። ስለዚህ መያዣውንም ድምፁንም ያውቃቸዋል ማለት ነው። ያላወቀው ምስሉን ብቻ ነው። ላፕቶፕ ላይ ያለው ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም የአብዛኞቹን ኮዴኮች መፍቻ አብሮ ይዞ ስለሚመጣ ያገኘውን ሁሉ ይከፍታል፣ ቲቪ ግን ሲመረት የተሰጠውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ምንም ኮንቨርት ከማድረግህ በፊት ውስጡን እይ። ቪዲዮውን በቪኤልሲ ክፈትና ኮንትሮልን ይዘህ ጄን ተጫን። የኮዴክ መረጃ ይመጣልሃል። የእኔ ግምት ለምስሉ ኤችኢቪሲ ወይም ኤች 265 የሚል ታገኛለህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀ ኮዴክ ነው። ከእሱ በፊት ከነበረው፣ በ2003 ከወጣው ኤች 264 ጋር ሲወዳደር ተቀራራቢ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ገደማ ቦታ ያስቀምጠዋል። የአሁኖቹ ካሜራዎችና ስልኮች የሚጠቀሙትም ለዚህ ነው። የቆየ ቲቪ ግን አያውቀውም። ኤች 264 የሚል ብታገኝ እንኳ 10 ቢት የሚል ካለበት ችግሩ ያው ነው፤ አብዛኞቹ ቲቪዎች ኤች 264ን የሚፈቱት 8 ቢት ሲሆን ብቻ ነው።

መፍትሔው ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ አለ። ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርደው። ቪዲዮውን ጎትተህ እላዩ ላይ ጣለውና ከፕሪሴቶቹ (አስቀድመው ከተዘጋጁት ምርጫዎች) ውስጥ «ፋስት 1080ፒ30» የሚለውን ምረጥ። ምስሉን በኤች 264፣ ድምፁን በኤኤሲ አድርጎ በኤምፒ4 ይሰጥሃል። ቪዲዮ የሚለው ገጽ ላይ አርኤፍ የሚባል የጥራት መጎተቻ አለ። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይተልቃል። ለ1080 ምስል ከ20 እስከ 24 ይመከራል። ሰርግ ከሆነ እኔ 20 ላይ ነው የማደርገው፤ የሙሽራዋ ቀሚስ ጥልፍና ጨለም ያለው የአዳራሹ ጥግ መጀመሪያ የሚበላሹት እነሱ ናቸው።

ሙሉውን ግን ወዲያው አታስጀምረው። ሬንጅ የሚለውን ወደ ሰከንድ ቀይርና ሁለት ደቂቃ ብቻ አውጣ። ጭፈራ ያለበትን ቦታ ምረጥ፣ እንቅስቃሴ የበዛበት ስለሆነ ጥራቱ ከወረደ እዚያ ይታይሃል። ቲቪው ላይ ሞክረው። ከሠራ ማታ ሙሉውን ለቀኸው ተኛ።

መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆንክ ይሄንን ልብ በል። ኤምፒ4 ፋይል ውስጥ ምኑ የት እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለ፣ ይሄ ማውጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሥራው ሲያልቅ ነው። 95 በመቶ ላይ መብራት ከጠፋ የሚተርፍህ የማይከፈት ፋይል ነው። ኤምኬቪ ግን እስከተሠራበት ድረስ ያለው ይከፈታል። ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ የምትሠራ ከሆነ ፎርማት የሚለውን ኤምኬቪ አድርገው። የአንተ ቲቪ ኤምኬቪ እንደሚከፍት አስቀድመን አይተናል።

የፍላሹም ጉዳይ አለ። ፍላሹ ፋት 32 ተብሎ ፎርማት የተደረገ ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ከበለጠ አይቀበልም፤ ፍላሹ ባዶና 64 ጊጋ ቢሆንም። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚወስድ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ 4.5 ጊጋ ይሆናል፣ ስለዚህ ይሄ ሩቅ ነገር አይደለም። ፍላሹን ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርገህ ፎርማት አድርገው፣ ግን ውስጡ ያለውን ቀድመህ ወደ ኮምፒውተር ገልብጥ፣ ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል። ቲቪው ሁለቱንም ካላነበበ በፋት 32 ቀጥልና በዚያው ሬንጅ በሚለው ሁለት ቦታ ክፈለው፦ የቤተ ክርስቲያኑን ለብቻ፣ የአዳራሹን ለብቻ።

ልጁ የሰጣችሁን ኦሪጅናል ፋይል በምንም ዓይነት እንዳታጠፋው። ኮንቨርት በተደረገ ቁጥር ከምስሉ የሚቀነስ ነገር አለ፣ የተቀነሰው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ነገ የተሻለ ቲቪ ስትገዙ የምትፈልጉት ያንን ፋይል ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የእኔ ተቃራኒው ነው። ምስሉ አለ፣ ድምፅ የለም። ከጓደኛዬ ሃርድ ዲስክ የገለበጥኩት ዶክመንተሪ ነው። በሃንድብሬክ ደጋግሜ ኮንቨርት አደረግሁት፣ ድምፁ አሁንም የለም፣ ምስሉም እየደበዘዘ መጣ።

መልስ፦ የደበዘዘው ኮንቨርት የተደረገውን መልሰህ ኮንቨርት ስላደረግክ ነው። ወደ መጀመሪያው ፋይል ተመለስ። ድምፁ ዲቲኤስ በሚባል ኮዴክ የታመቀ ሳይሆን አይቀርም፣ በቪኤልሲ አረጋግጥ። ብዙ ቲቪዎች ዲቲኤስ አይፈቱም፤ ሳምሰንግ ለምሳሌ ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ትቶታል። ሃንድብሬክ ላይ ደግሞ ኦዲዮ የሚለው ገጽ «ፓስስሩ» ላይ ከሆነ ድምፁን ሳይነካ እንዳለ ነው የሚያሳልፈው። ያን ሁሉ ለፍተህ ዲቲኤሱ ዲቲኤስ ሆኖ የቀረው ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ምስሉን መንካት አያስፈልግም። አቪዲመክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርድ። ምስሉን «ኮፒ» ላይ ተወው፣ ድምፁን ኤኤሲ አድርገው፣ ሴቭ በለው። ምስሉ እንዳለ ስለሚገለበጥ ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ሳይሆን ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ከጥራቱም ምንም አይቀንስም። ሰዉ ይሄንን ቢያውቅ ስንቱ ቪዲዮ ከመበላሸት ይድን ነበር።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ባለቤቴና እኔ በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው የተጋባነው። የሰርጋችንን ካሴት እዚያው ወደ ዲቪዲ አስገልብጠን አመጣነው። እዚህ ያለው ዲቪዲ ማጫወቻ አልቀበልም አለ። ልጄ በኮምፒውተር አውጥቶ ወደ ቤታችን ሚዲያ ማጫወቻ ጫነልን። ግን ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ አግድም መስመሮች ይታያሉ፣ ካሜራው ሲዞር ይንጠባጠባል፣ ሁላችንም አጥረን ወፍረናል። ፊልሙም አራት ቦታ ተቆራርጧል። ካሴቱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እመቤቴ፣ አይዞዎት። ከነገሩኝ ችግሮች አንዱም ካሴቱ ተበላሽቶ የመጣ አይደለም። ልጅዎ ከዲቪዲው እንደገና ይጀምር፤ የተሠራውን ፋይል ለማስተካከል አይሞክር።

የኢትዮጵያ ቲቪና ካሴት ፓል በሚባለው ሥርዓት የተሠራ ነው፦ በሰከንድ 25 ምስል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 29.97 ነው። ማጫወቻው አልቀበልም ያለው ለዚህ ነው። ልጅዎ የሠራው ፕሮግራምም 25ቱን ወደ 29.97 ቀይሮት ይሆናል። የጎደለውን ለመሙላት አንዳንዱን ምስል ይደግመዋል፣ እርስዎ ካሜራው ሲዞር ይንጠባጠባል ያሉት እሱን ነው። ሃንድብሬክ ላይ ፍሬም ሬት (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) የሚለውን «ሴም አዝ ሶርስ» ላይ ያድርገው፤ 25 ሆኖ ይቅር። የዛሬ ሚዲያ ማጫወቻ በ25 አይቸገርም።

መስመሮቹ የሚመጡት ደግሞ የድሮ ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል በሁለት ግማሽ ስለሚቀርጽ ነው። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ከዚያ ሙሉ ቁጥር ያላቸው። በሁለቱ መካከል ሰውየው እጁን ካነሳ ሁለቱ ግማሾች አይገጥሙም። ሃንድብሬክ ላይ ፊልተርስ ከሚለው ገጽ ዲኢንተርሌስ የሚለውን «ያዲፍ» ያድርገው። እስክስታው ልክ እንደ ድሮው እንዲፈስ ከፈለጋችሁ እዚያው «ቦብ» የሚለውን መርጦ ፍሬም ሬቱን 50 ያድርገው። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ካሴት ሁልጊዜ ይሄንን ነው የምመርጠው። በሰከንድ 50ዎቹም ግማሾች ለየብቻ ስለሚታዩ የትከሻው እንቅስቃሴ አይቆራረጥም።

አጥረን ወፈርን ያሉት፣ ምስሉ በአራት ለሦስት ስፋት የተቀረጸ ሆኖ ሳለ ሰፊውን ቲቪ እንዲሞላ ስለተለጠጠ ነው። ዳይሜንሽን የሚለው ገጽ ላይ የሚታየው መጠን 768 በ576 አካባቢ ከሆነ ትክክል ነው። ግራና ቀኝ ጥቁር ይቀራል፣ ይቅር። ፋይሉ ተስተካክሎም ወፍራችሁ ከታያችሁ የቲቪውን የምስል ስፋት ማስተካከያ ይዩት፣ የሚለጥጠው እሱ ነው ማለት ነው። የምስሉ ግርጌ ላይ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ጭረት ካለ የሁሉም ካሴት ባሕርይ ነው፤ ክሮፕ በሚለው ከታች ጥቂት መስመር መቁረጥ ነው።

የተቆራረጠው ዲቪዲ ፊልምን በ1 ጊጋ በ1 ጊጋ ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጥ ነው። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሳይሆን «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር ራሱን በሃንድብሬክ ይክፈት፣ እንደ አንድ ፊልም ያነብበዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ዲቪዲውን እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡት፣ ዛሬውኑ። እንዲህ በኮምፒውተር የተገለበጠ ዲቪዲ ዕድሜው ውስን ነው። ካሴቱ አሁንም በቤተሰብ እጅ ካለ አይጣል፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ፣ ቆሞ ይቀመጥ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አባቴ እንግሊዝኛ ስለማይሰማ ለአንድ የእግር ኳስ ዶክመንተሪ የአማርኛ ሰብታይትል ጻፍኩለት። ላፕቶፑ ላይ ይነበባል። ቲቪው ላይ ግን በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳየው።

መልስ፦ ጎበዝ ልጅ ነሽ። ሳጥን ከሆነ ቲቪው የግዕዝ ፊደል ፎንት የለውም ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ልንጭንበት አንችልም። የተመሰቃቀሉ የላቲን ምልክቶች ቢሆኑ ኖሮ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍተሽ ሴቭ አዝ ብለሽ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 ማድረግ ሊበቃ ይችል ነበር። ለሳጥን ግን ጽሑፉን ከምስሉ ጋር ማዋሃድ ነው ያለው መንገድ። ሃንድብሬክ ላይ ሰብታይትልስ ገጽ ገብተሽ ፋይልሽን ኢምፖርት አድርጊና «በርን ኢን» የሚለውን ምረጪ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ የምስሉ አካል ስለሚሆን የትኛውም ቲቪ ያሳየዋል። ግን አይጠፋም፣ አይታረምም። ስለዚህ የፊደል ግድፈቱን አስቀድመሽ ልቀሚ፣ ሁለት ደቂቃም አውጥተሽ አባትሽ ከሚቀመጡበት ቦታ ሆነሽ መነበቡን እይ። የወጣውም ሳጥን ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነፃ ፎንት ጫኚና ድገሚው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ በስልኬ የቀረጽኩትን የልጄን ልደት ኮንቨርት አድርጌ ለእናቴ ላክሁላት። መጀመሪያ ላይ ደህና ነው። ወደ መጨረሻ ግን ድምፁ ከአፋቸው ጋር አይገጥምም።

መልስ፦ ስልክ በሰከንድ የሚቀርጸው የምስል ብዛት አንድ ወጥ አይደለም፤ ብርሃን ሲቀንስ ወይም ስልኩ ሲግል ይቀንሳል። አንዳንዱ ማጫወቻ ደግሞ እኩል ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ልዩነቱ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ነው መጨረሻው ላይ የሚብሰው። ከኦሪጅናሉ ተነሺና ሃንድብሬክ ላይ ፍሬም ሬቱን 30 አድርገሽ ከሥሩ «ኮንስታንት» የሚለውን ምረጪ። ስልክሽ አይፎን ከሆነ ለወደፊቱ ሴቲንግስ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ ገብተሽ «ሞስት ኮምፓቲብል» አድርጊው። በኤች 264 ስለሚቀርጽ የእናትሽም ቲቪ ያለ ኮንቨርት ሊከፍተው ይችላል።