የምድርን ስብራት ማጥናት እንጀራ ይሆናልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄ በዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ትገኛለች። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ እየመጣ የቤታችንን ዕቃ ሲያንገጫግጭ ካየች ወዲህ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ የማጠናው ይህን ነው» ብላ ቆርጣለች። እኔን ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። ባለሙያዎቹ ሁሉ በሬዲዮ እየቀረቡ «መቼ እንደሚመጣ አናውቅም» የሚሉ ከሆነ የሥራቸው ፍሬ ምንድን ነው? ደግሞስ በዚህ ሥራ ቤተሰብ ማስተዳደር ይቻላል? (የልጅቷ አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ስለሚከብድ ከእርሱ ልጀምር። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ እስካሁን የለም፤ ቀን ቆርጦ የሚያስፈራራ ሰው ቢያጋጥምዎ አይመኑት። ባለሙያው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ስብራት ስንል የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ከሌላው የተንሸራተተበትን ቦታ ማለታችን ሲሆን፣ ይህ ስብራት ዛሬም ይንቀሳቀሳል ወይስ ከሞተ ቆይቷል፣ ባለፉት ሺህ ዓመታት ስንት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ በአንድ ጊዜስ ስንት ሜትር ተንሸራተተ የሚሉት መልስ ካገኙ፣ ግድቡና ትምህርት ቤቱ የት መሠራት እንደሌለባቸው፣ ሕንፃውም ምን ያህል መንገጫገጭ እንዲችል ሆኖ መሠራት እንዳለበት መወሰን ይቻላል።

መልሱ እንዴት እንደሚገኝ በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ላይ ማሳየት ይቀለኛል። አሜሪካዊው ኬሪ ሲህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ፣ ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ምሥራቅ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፓሌት ክሪክ በሚባል ጅረት ዳር ቦይ መቆፈር ጀመሩ። በዚያ ሳን አንድሪያስ የተባለው ታላቅ ስብራት አንድ የጥንት ረግረግ አቋርጦ ያልፋል። ረግረጉ ጥቁር የዕፅዋት ብስባሽና ጎርፍ ያመጣውን አሸዋ እያፈራረቀ ለዘመናት ሲያነባብር ኖሯል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ግን ጅረቱ አልጋውን ወደ ታች ቦርቡሮ ስላጠለቀው የመሬቱ ውሃ ሸሸ። ይህ ባይሆን ኖሮ ጉድጓዱ ገና ሲቆፈር ውሃ በሞላው ነበር፤ በዚህ ሙያ ዕድል የራሷ ድርሻ አላት።

የአሠራሩ መሠረት ለማንም የሚገባ ነው። ዐሥር እንጀራ ደራርበው በቢላ ቢቆርጡና አንዱን ወገን ዝቅ ቢያደርጉት፣ ከዚያም በላዩ ሁለት ሦስት ያልተቆረጠ እንጀራ ቢጨምሩበት፣ ቢላው ያረፈው የመጨረሻው የተቆረጠ እንጀራ ከተቀመጠ በኋላ፣ የመጀመሪያው ያልተቆረጠ ሳይጨመር እንደነበረ ማንም ያውቃል። የአፈሩ ንብርብርም እንዲሁ ነው። ከተሰበረው ንብርብርና በላዩ ሳይሰበር ካረፈው ንብርብር ከሰል ወይም የዕፅዋት ቅሪት ተለቅሞ በራዲዮካርቦን፣ ማለትም በውስጡ በቀረው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን መጠን፣ ዕድሜው ሲለካ መንቀጥቀጡ በየትኞቹ ዓመታት መካከል እንደደረሰ ይታወቃል። ሲህ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት ውጤት፣ የጽሑፍ መዝገብ በሌለባቸው ዘመናት በዚያ ቦታ ታላላቅ መንቀጥቀጦች እየተደጋገሙ እንደደረሱ አሳየ፤ ከሁሉ የመጨረሻው የጽሑፍ ምስክር ያለው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 1857 የደረሰውና መጠኑ 7.9 ገደማ እንደነበር የሚገመተው ነው። (በሬዲዮ «በሬክተር ስኬል» ማለት ልማድ ሆኖ ቀረ እንጂ ባለሙያዎች ዛሬ ለትላልቆቹ የሚጠቀሙት ሌላ መለኪያ ነው።)

ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቆ ዋላስ ክሪክ የሚባል ሌላ ጅረት ስብራቱ ላይ ሲደርስ እንደ ክርን ይታጠፋል። ሲህ ከባልደረባቸው ጋር ሲለኩት ጅረቱ በ3,700 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ 130 ሜትር ወደ ጎን እንደተጎተተ፣ ማለትም ስብራቱ በአማካይ በዓመት 34 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚንሸራተት አገኙ። በእነርሱ ልኬት በ1857 በዚያ ቦታ በአንድ ጊዜ የተንሸራተተው 9.5 ሜትር ስለሆነ፣ ያንን ያህል ውጥረት እንደገና ለማጠራቀም ወደ 280 ዓመት እንደሚፈጅ ልጅዎ በወረቀት ጥግ ላይ ልታሰላው ትችላለች።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ የሥራ ዘመናቸው ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ ኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ሄዱ፤ በዚያ ዋናው ስብራት ከባሕር በታች ስለሆነ ቦይ መቆፈር አይቻልም። መዝገቡን ያገኙት ከኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት እያነጹ ከሚያሳድጉት ድንጋይ መሰል ነገር፣ ነው። በባሕሩ ዳር የሚያድግ ኮራል ከዝቅተኛው የውሃ ከፍታ በላይ ማደግ ስለማይችል፣ መሬቱ ድንገት ከፍ ሲል አናቱ ይሞታል፣ ሲሰምጥ ደግሞ እንደገና ወደ ላይ ያድጋል፤ ዕድሜውም እንደ ዛፍ ግንድ በዓመታዊ ቀለበቶቹ ይቆጠራል። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1797ና በ1833 የደረሱትን ታላላቅ መንቀጥቀጦች ስፋት አነበቡ፤ ተመሳሳዩ እንደገና ሊመጣ እንደሚችልም ተረዱ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2004 ከባልደረቦቻቸው ጋር በምዕራብ ሱማትራ ደሴቶች እየዞሩ፣ መሬት ሲናወጥ ነዋሪው ወደ ከፍታ መሸሽ እንዳለበት የሚያስረዱ ሥዕላዊ ወረቀቶች አደሉ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 26፣ መጠኑ 9.1 የሆነው መንቀጥቀጥና ሱናሚው መጣ፤ የመጣው ግን እነርሱ ካጠኑት ክፍል በስተሰሜን ነበር። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። የሙያውን አቅምና ወሰን እንደዚያ ዓመት በአንድነት ያሳየ የለም፤ አደጋው ያለበትን ስብራት ለይቶ ማወቅ ተችሏል፣ የቱ ክፍል በየትኛው ቀን እንደሚቀድም ግን አልታወቀም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ የምድርን እንቅስቃሴ የሚከታተለውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ካቋቋሙ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ የለቀሙት የቀድሞ መንቀጥቀጦች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሞ ዛሬም ይመረመራል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ ያፈረሰውን የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥና መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር የምትገኘውን ሰርዶን ያወደመውን እርሳቸው መዝግበውልናል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። አፋር በተለመደው ጊዜ የሚሰፋው በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ይህ የአራት መቶ ዓመት ሥራ በአንድ ጊዜ እንደመሠራት ነው፤ የከፈተውም በስንጥቁ ውስጥ የገባ ቅልጥ ዐለት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ቤትዎን ያንገጫገጨው ነገር በብዛት የዚሁ ዓይነት ነው፤ ሳተላይቶች ከሕዋ ሆነው የመሬቱን መነሣትና መስመጥ በሴንቲ ሜትር ለክተውታል።

እርስዎ የሚኖሩበት አዳማም ቢሆን ሳይንቲስቶች «የወንጂ የስብራት ቀበቶ» በሚሉት መስመር ላይ ነው፤ ስሙ ከጎረቤትዎ ከወንጂ የተወሰደ ነው። ወደ ደቡብ ሲጓዙ እንደ ደረጃ ተደርድረው የሚያዩአቸው ገደሎች እያንዳንዳቸው የስብራት ፊት ናቸው፤ ቦይ ተቆፍሮላቸው ታሪካቸው ያልተነበበው ብዙ ናቸው። ልጅዎ ሥራ አጥታ እንደማትቀር የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ስለ እንጀራው በግልጽ ልናገር። በዩኒቨርሲቲና በምርምር ተቋም የሚገኘው ደመወዝ ሀብት አያስገኝም፤ የመስክ አበሉ የሚጠበቅበት ወር ብዙ ነው። ነገር ግን ስብራትን የሚያነብ ሰው የሚያስፈልጋቸው ሥራዎች ከምርምር ውጭም አሉ። እንደ አሉቶ ላንጋኖ ባሉ የጂኦተርማል መስኮች፣ ማለትም ከምድር ውስጥ ሙቀት ኃይል በሚመረትባቸው ቦታዎች፣ ሙቅ ውሃው ወደ ላይ የሚወጣው በስብራቶች በኩል ስለሆነ ጉድጓዱ የት ይቆፈር የሚለውን የሚወስነው ይኸው ዕውቀት ነው፤ የግድብ፣ የባቡርና የዋሻ ሥራም እንዲሁ። መዶሻና ኮምፓስ ብቻ ይዛ እንዳትቀር ሒሳብና የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽሕፈት ከአሁኑ ታጠናክር፤ አፋርኛ ብትማርም አይጎዳትም። እኔ በመስክ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ «ወርቅ ነው የምትፈልጉት?» ሲሉ ጠይቀውኝ በአስተርጓሚ ሳስረዳቸው ግማሽ ቀን ሄደ፤ በመጨረሻ አባታቸው በልጅነታቸው ያሳዩአቸውን፣ እኛ በካርታችን ላይ ያላገኘነውን ስንጥቅ መርተው አሳዩን። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ የቦይ ግድግዳ ሳይደገፍ ከጭንቅላት በላይ ወደጠለቀ ጉድጓድ እንዳትገባ። በዚህ ሙያ ሰው የሚጎዳው በመንቀጥቀጥ ሳይሆን በሚናድ አፈር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው በሎስ አንጀለስ ነው። የሳን አንድሪያስ መንቀጥቀጥ በየ130 ዓመቱ እንደሚመጣ አንብቤያለሁ፤ ከ1857 ወዲህ ከ160 ዓመት በላይ ሆኗል። ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው? ቤት ልቀይር? (አንባቢ፣ ከፌርፋክስ አካባቢ)

መልስ፦ ያነበቡት ቁጥር ትክክለኛ ነው፤ የሚያታልለው አማካይነቱ ነው። ሲህና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የፓሌት ክሪክን ዕድሜዎች እንደገና አጥርተው ሲለኩ፣ በዐሥር መንቀጥቀጦች መካከል ያለው አማካይ ጊዜ 132 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ከዘጠኙ ክፍተቶች አምስቱ ከመቶ ዓመት ያነሱ ሲሆኑ፣ ሦስቱ ደግሞ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነበሩ። መንቀጥቀጦቹ ሁለትና ሦስት እየሆኑ ተከታትለው ይመጡና ረጅም ዝምታ ይከተላል። አሁን ያለነው በአንዱ ረጅም ዝምታ ውስጥ ይሁን በመጨረሻው ላይ ከቦዩ ግድግዳ አይነበብም።

ቤት ስለመቀየር ግን ሕንፃውን ማየት ይቀድማል። እርስዎ ከሚኖሩበት ፎቅ በታች ግድግዳ የሌለው የመኪና ማቆሚያ ካለና ሕንፃው እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት በእንጨት የተሠራ ከሆነ፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ መሠረት ባለቤቱ እንዲያጠናክረው ሊገደድ ይችላል፤ ሥራው መጠናቀቁን አከራይዎን ይጠይቁ። የውሃ ማሞቂያውም በብረት ማሰሪያ ከግድግዳ ጋር መታሰሩን በዚያው ያረጋግጡ።