ከሄፓታይተስ ሲ ከዳንኩ በኋላ ክትትሉ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሰው ስሆን የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሄፓታይተስ ሲ ተገኝቶብኝ ለ12 ሳምንት የሚዋጥ መድኃኒት ወሰድኩ፤ በኋላም በተደረገልኝ ምርመራ ቫይረሱ ከደሜ መጥፋቱ ተነገረኝ። ሕክምናውን ስጀምር ግን ጉበቴ በጠባሳ ተጎድቶ ሲሮሲስ የሚባለው ደረጃ ደርሶ ነበር። በቅርቡ ውጭ አገር ወዳለችው ልጄ ለመሄድ የጤና ምርመራ ባደርግ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ባለቤቴም በጣም ሰግታለች። በሽታው ተመልሶብኝ ይሆን? ካልተመለሰስ ሐኪሜ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እንድነሳ የሚያዙኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ በቅድሚያ ወረቀቱን ደግመው ይመልከቱት። ከውጤቱ ጎን «አንቲ ኤች ሲ ቪ» ወይም «አንቲቦዲ» የሚል ከተጻፈ፣ ምርመራው ያገኘው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነትዎ ቫይረሱን ሲዋጋ ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ሰው ከዳነም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜም ዕድሜ ልክ በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ይህን ምርመራ ባደረጉ ቁጥር ፖዘቲቭ ቢባሉ ሊያስደነግጥዎ አይገባም። ቁርጡን የሚነግርዎ በፒ ሲ አር የሚሠራው የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። መድኃኒቱ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ በዚህ ምርመራ ቫይረስ ካልታየ፣ ያው ቫይረስ የሚያገረሸው ከመቶ ሰዎች ከአንድ ባነሱት ላይ ነው። ሆኖም በሽታው ክትባት ስለሌለውና አንዴ መዳንም ከአዲስ ልክፍት ስለማይከላከል፣ ምርመራውን አሠርተው ውጤቱን ከቀድሞው ማስረጃ ጋር ይያዙ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የበለጠ ክብደት አለው። ቫይረሱ ለዓመታት ጉበትን ሲያቆስል ቁስሉ በጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳው በዝቶ የጉበቱን ቅርጽና የደም ዝውውር ሲያዛባ ሲሮሲስ ይባላል። ቫይረሱ ሲጠፋ ማቁሰሉ ይቆማል፣ በብዙዎች ላይም ጠባሳው ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ የጉበት ካንሰር አደጋም በ70 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ሲሮሲስ ላይ ደርሰው ከዳኑ 100 ሰዎች ውስጥ በየዓመቱ 1 ወይም 2 የሚሆኑት አሁንም ካንሰር ይገኝባቸዋል፤ አደጋው ከዓመታት በኋላም አይጠፋም። ካንሰሩ ገና ትንሽ እብጠት ሳለ አያምም፣ ዓይንንም ቢጫ አያደርግም፤ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ የሚታዘዝልዎ በዚያ ደረጃ ሳለ እንዲገኝ ነው፤ ሕመም እስኪሰማ ከተጠበቀ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆርጦ ለማውጣት ይረፍዳል። «ደኅና ነኝ እኮ» ብለው ቀጠሮ የሚተዉ ሰዎች ጉዳይ ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። በደም ምርመራ የሚታየው የጉበት ኢንዛይም ጤናማ ስለሆነ ወይም የፋይብሮስካን (የጉበትን መጠንከር የሚለካ መሣሪያ) ቁጥር ስለወረደ ብቻ አልትራሳውንዱን አያቋርጡ። ሕክምና ሲጀምሩ ጠባሳቸው ቀላል የነበረ፣ ሌላ የጉበት ችግርም የሌለባቸው ሰዎች ይህ ክትትል አያስፈልጋቸውም፤ እርስዎ ግን ያስፈልግዎታል።

ቢራም ሆነ ጠጅ ወይም አረቄ፣ ለሲሮሲስ ታማሚ አይጎዳም የሚባል የመጠጥ መጠን የለም። ስኳርና ውፍረት ካለብዎት እነሱንም ይቆጣጠሩ፤ ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረው የማያውቁ ከሆነ ይመርመሩ፣ ነፃ ከሆኑም ይከተቡ። ቡና ግን አይተዉ፤ ቡና አዘውትረው በሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳና ካንሰር አነስ ብሎ መታየቱ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል።

ባለቤትዎ ካልተመረመሩ አንድ ጊዜ ይመርመሩ። ቫይረሱ በአንድ ማዕድ በመብላትም ሆነ በመጎራረስ አይተላለፍም፤ በባልና ሚስት ግንኙነት የሚተላለፈውም እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየብቻ ይሁን።