ስለ ድሮዎቹ የአሜሪካ የፍቅር ኮሚኮች

እህቴ፣ «ሴቶቹ ከማልቀስና ባል ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የላቸውም ወይ?» ላልሽው፣ እነዚህን ኮሚኮች (በተከታታይ ሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች) ሁሉ በአንድ ዓይን ባታያቸው ደስ ይለኛል። ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ የተባሉ የኮሚክ ሠሪዎች በ1947 እ.ኤ.አ. «ያንግ ሮማንስ» የተባለውን የፍቅር ኮሚክ ሲጀምሩ፣ ታሪኩን ብዙ ጊዜ የምትናገረው ሴቷ ራሷ ነበረች፤ ትመኛለች፣ ትሳሳታለች፣ ከቤተሰቧ ትጣላለች። እርግጥ ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ስለነበሩ ኑዛዜዋ ብዙውን ጊዜ በጸጸት ወይም በጋብቻ ነው የሚያበቃው።

የባሰው የመጣው በ1954 ነው። የኮሚክ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ያወጡት ደንብ፣ የፍቅር ታሪክ የቤትን ዋጋና የጋብቻን ቅድስና እንዲያጎላ፣ ፍቺም ተፈላጊ ሆኖ እንዳይቀርብ አዘዘ። ደፋሮቹ ሴቶች የተመናመኑት ከዚያ ወዲህ ነው፤ እኔን ከልብ የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

ደግሞ ብዙ ሰው እነዚህን ኮሚኮች የሚያውቀው በአሜሪካዊው ሠዓሊ በሮይ ሊክተንስታይን ሥዕሎች ነው። በ1963 የሣላት የምትሰጥመዋ ልጅ «ሲክሬት ኸርትስ» ከተባለ ኮሚክ የተወሰደች ናት። በዋናው ላይ ፍቅረኛዋ ከኋላዋ የተገለበጠ ጀልባ ይዞ ይታያል። ሠዓሊው እሱን ቆርጦ አውጥቶ ማዕበሉንና እንባዋን ብቻ አስቀረ። ከተቻለሽ ከደንቡ በፊትና በኋላ የወጡ ዕትሞችን ጎን ለጎን አንብቢ።