ሰኞ ሰኞ የምትላከው ዜሮ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቃሉ ወረዳ ከሐርቡ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ኬላ የምሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን የበሽታ ቅኝት ቅጽ እልካለሁ። በበጋ አብዛኛውን ጊዜ ኩፍኝም ዜሮ፣ ወባም ዜሮ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ «ምንም የለም» ማለት ምን ይጠቅማል? አልፎ አልፎ ብተወውስ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ የኮረብታው ድካም ይገባኛል። ግን አትተዪው፤ ያልተላከ ቅጽና እውነተኛ ዜሮ አንድ አይደሉም።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በቦርከና ዳር በአንድ ጤና ጣቢያ የጤና መኮንን ነበርኩ። የወባ መከታተያው ገበታ ከጠረጴዛዬ በላይ ተለጥፎ ነበር። አንድ ዓመት የኅዳር ሁለት ሳምንታት ቅጽ ሳይደርሰን ቀረ፤ አንዱ ባልደረባችን ባዶውን ቦታ በቅንነት በዜሮ ሞላው። ቅንነቱ ዕዳ ሆነብን።

የወባ ወረርሽኝ ገደብ፣ ማለትም ሕመምተኛው ከዚያ ሲበልጥ ወረርሽኝ የሚባልበት ቁጥር፣ የሚወጣው ባለፉት አምስት ዓመታት በዚያው ሳምንት ከተመዘገቡት ቁጥሮች ሁለተኛው ትልቅ ተወስዶ ነው። ለምሳሌ 14፣ 31፣ 9፣ 22 እና 17 ቢሆኑ ገደቡ 22 ነው፤ ዘንድሮ 20 ሰው ቢታመም የተለመደ ነው። የ31 ቦታ በሐሰት ዜሮ ከተያዘ ግን ገደቡ 17 ላይ ይወርድና 20ው ወረርሽኝ ይባላል። መኪናና መድኃኒት በከንቱ ይንቀሳቀሳል።

ተቃራኒው፣ እውነተኛው ወረርሽኝ ሳይታወቅ መቅረቱ፣ ይከፋል። በ1950 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው ወባ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል፤ ወባ ብዙም የማያውቀውን ደጋ ቀመስ አገር ጭምር አዳርሷል። ያኔ በየመንደሩ ሕመምተኛ ቆጥሮ በየሳምንቱ የሚያሳውቅ ደመወዝተኛ አልነበረም። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች የሚመደቡበት የእናንተ ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። አገራዊ አቅም ሲባል የሆቴል አዳራሽ ሥልጠናና አበል ብቻ የሚታያቸው አሉ፤ እኔ የሚታየኝ ያንቺ ቅጽ ነው።

ኔትወርክ እንቢ ካለ ወረቀቱን ወደ ገበያ በሚወርድ የታመነ ሰው ላኪ። አንቺም ባልደረባሽም ሥራ ላይ ካልነበራችሁ ግን ዜሮ አትጻፊ፤ «ኬላው ዝግ ነበር» በዪ።

ደግሞ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ የቀበሌሽን ገበታ አሳዩኝ ብለሽ ጠይቂ። ላኪዋ አንቺ ነሽና የማየት መብት አለሽ። ካላሳዩሽ እንደገና ጻፊልኝ።